የአብርሃም ሊንከን አጥንትና ሥራ

በሀገራችን ልማድ ስለ አንድ ሰው ማንነት ሲነገር አስቀድሞ የሚቆጠረው አጥንቱ ነበር። አባቱ ማን፣ አያቱ ማን፣ ትውልዱ ከየት እንደ ሆነ ከተጠየቀ በኋላ ነው ምን እንደ ሠራ የሚጠየቀው። ይህ ልማድ በቀድሞው መልኩ እየደከመ ሲሄድ፣ የዘመናችን ሳይንስ በበኩሉ ለአጥንት ቆጠራ ማንም ያላሰበውን አዲስ ትርጉም ሰጥቶታል። ዛሬ ከአንዲት የአጥንት ስባሪ፣ ባለቤቱ ከሞተ ብዙ ዘመን ቢያልፍም እንኳ፣ ከእናትና ከአባቱ የወረሰውን የተፈጥሮ መመሪያ ማንበብ የሚቻልበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ምርመራ ማድረግ ይገባልን? ቢደረግስ ስለ ሰውየው ምን ይነግረናል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ግን በቀላሉ መልስ የሚያገኙ አልሆኑም።

ጥያቄዎቹ ከበረቱባቸው ሰዎች አንዱ የአሜሪካ 16ኛው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ነው። ጥቂት የራስ ቅሉ ስብርባሪዎችና የጠጉሩ ዘለላዎች በአሜሪካ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ሙዚየም ተጠብቀው ይገኛሉ። ሐኪሞች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይህ ሰው ፊብሪሊን የተባለውን ፕሮቲን በሚያሠራው ጂን ላይ ጉድለት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም እያሉ ሲከራከሩ ቆይተዋል። ይህ ጽሑፍ የሊንከንን ሕይወት በአጭሩ ከተረከ በኋላ ክርክሩን ለሙያ ባልደረቦች በሚስማማ መንገድ ለማስረዳት ይሞክራል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የወንዝ ትምህርት

ሊንከን የተወለደው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 በኬንታኪ፣ ከግንድ በተሠራች ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ ነው። አባቱ ቶማስ በእርሻና በአናጢነት የሚተዳደር ሰው ነበር፤ እናቱ ናንሲ ሃንክስ ትባል ነበር። ቤተሰቡ በ1816 ወደ ኢንዲያና ጫካ ተሻገረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ልጁ ገና 9 ዓመቱ ሳለ፣ እናቱ ሞተች። የገደላት መርዛም ቅጠል የበላች ላም ወተት የሚያመጣው በሽታ ነበር። በዚያ ዘመን ሰፋሪዎች በዚህ በሽታ ሲረግፉ ትክክለኛውን ምክንያት የሚያስረዳቸው አልነበረም። አባቱ በ1819 ሣራ ቡሽ ጆንስተን የተባለችውን ሴት አገባ፤ ይህችም እንጀራ እናት ልጁን እንደ ወለደችው አድርጋ አሳደገችው፤ ለማንበብ ያለውንም ፍቅር ደገፈችለት።

ሊንከን በዕድሜው ሁሉ በትምህርት ቤት ያሳለፈው ጊዜ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። የቀረውን ትምህርቱን ያገኘው ከተዋሳቸው መጻሕፍትና ከመጥረቢያው ነው። በ1828 በጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ሚሲሲፒን ተከትሎ እስከ ኒው ኦርሊንስ ወረደ። በ1830 ቤተሰቡ ወደ ኢሊኖይ ከተዛወረ በኋላም በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ ጉዞ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ጀልባዋ ኒው ሳሌም ከተባለች መንደር አጠገብ በወፍጮ ግድብ ላይ ተይዛ ቀረች፤ አፍንጫዋ ከግድቡ አልፎ ተንጠለጠለ፣ ኋላዋ ውሃ መሙላት ጀመረ። ወጣቱ ጭነቱን አስቀነሰ፤ ከግድቡ አልፎ በተንጠለጠለው ክፍል ላይም ቀዳዳ በሳ። ውሃው ወደ ፊት ተንዶ በቀዳዳው ወጣ፤ ጀልባዋም ቀልላ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ፣ ግድቡን አለፈች። በጀልባ ላይ ቀዳዳ መብሳት ለተመልካች እብደት ይመስላል፤ ክብደቱ ወዴት እንደሚሄድ ላሰላ ሰው ግን ትክክለኛው መፍትሔ ይኸው ነበር።

ቀያሹ፣ ፈልሳፊውና ጠበቃው

ሊንከን በዚያችው በኒው ሳሌም መንደር ተቀመጠ። በሱቅ ተቀጥሮ ሠራ፤ ሱቅ ከፍቶም ከሰረ፤ የመንደሩ ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነ። በ1833 የሳንጋሞን ወረዳ ምክትል ቀያሽ እንዲሆን በተጠየቀ ጊዜ ስለ ቅየሳ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የቅየሳና የትሪጎኖሜትሪ መጻሕፍት ተውሶ ሌሊትና ቀን አጠና፤ ኮምፓስና የመለኪያ ሰንሰለት በዱቤ ገዝቶ ሥራውን ጀመረ። የእርሻ ወሰንና የመንገድ መስመር ቀየሰ፤ የአዳዲስ ከተሞችን ፕላን አወጣ። በ1836 የቀየሳት ፒተርስበርግ የምትባለው ከተማ ዛሬም አለች። ዘመናዊ ትምህርት ለተማርን መሐንዲሶች ይህ የሕይወቱ ምዕራፍ በተለይ የሚያስደንቅ ነው፤ ሰውየው ልኬትን የተማረው ለዲፕሎማ ሳይሆን ወሰኑ ቢሳሳት ሁለት ጎረቤታሞች እንደሚጣሉ አውቆ ነውና።

በ1834 ለኢሊኖይ ምክር ቤት ተመረጠ፤ በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ስፕሪንግፊልድ ተዛወረ። በ1842 ሜሪ ቶድን አገባ፤ አራት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። ከ1847 እስከ 1849 ለአንድ የሥራ ዘመን የኮንግረስ አባል ሆኖ አገለገለ። የኮንግረስ ዘመኑ በተፈጸመበት ዓመት፣ ሜይ 22 ቀን 1849፣ ቁጥር 6469 የሆነውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተቀበለ። ፈጠራው በአሸዋ ደለል ላይ የሚያዙ መርከቦችን ለማንሣት የታሰበ ነበር። ውሃ ከማያስገባ ጨርቅ የተሠሩ የአየር ከረጢቶች በመርከቡ ግራና ቀኝ እንደ ወናፍ ተጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ መርከቡ ሲያዝ ከረጢቶቹ ወደ ውሃው ወርደው በአየር ሲነፉ መርከቡን ከፍ ያደርጉታል። ዘዴው በሥራ ላይ አልዋለም። ይሁን እንጂ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘ ብቸኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እስከ ዛሬ እርሱ ነው።

ከጥብቅና ሥራዎቹ መካከልም ለእኛ የቀረበው የድልድዩ ክስ ነው። በ1856 በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የባቡር ድልድይ ሮክ አይላንድ ላይ ተከፈተ። በተከፈተ በሳምንታት ውስጥ ኤፊ አፍተን የተባለች የእንፋሎት መርከብ ከድልድዩ ጋር ተጋጭታ ተቃጠለች። ባለቤቶቿ ድልድዩ ለመርከብ ጉዞ እንቅፋት ነው ብለው ከሰሱ። ሊንከን በ1857 ቺካጎ ላይ ለድልድዩ ወገን ሲከራከር ለዳኝነት ለተቀመጡት ዜጎች ያቀረበላቸው የንግግር ውበት ብቻ አልነበረም፤ የወንዙን ፍጥነት፣ ውሃው ከድልድዩ ምሰሶዎች ጋር የሚሠራውን ማዕዘንና የመርከቢቱን አካሄድ በቁጥር አስረዳቸው። ዳኞቹ መስማማት ስላቃታቸው ክሱ ያለ ፍርድ ተበተነ፤ ድልድዩም ቆሞ ቀረ።

የአመራሩ ዘመን

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1858 ከስቲቨን ዳግላስ ጋር ስለ ባርነት መስፋፋት ሰባት ጊዜ በአደባባይ ተከራከረ፤ በምርጫው ቢሸነፍም ስሙ በሀገሩ ሁሉ ተሰማ። በ1860 ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ ባሪያ አሳዳሪዎቹ የደቡብ ክፍላተ ሀገር መገንጠል ጀመሩ፤ ኤፕሪል 12 ቀን 1861 ጦርነቱ ተከፈተ። በአራት ዓመት ውስጥ ከ600 ሺህ በላይ ወታደሮች አለቁ። በጦርነቱ መካከል፣ በ1862፣ የ11 ዓመት ልጁ ዊሊ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ታሞ ሞተ። ከዚያ በፊትም በ1850 ሌላ ሕፃን ልጁን ቀብሮ ነበር።

በዚሁ የመከራ ዓመት ግን ለሰላም ጊዜ የሚሆኑ ሁለት ሕጎችን ፈረመ። ጁላይ 1 ቀን 1862 የፈረመው ሕግ ሀገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ለሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ መሠረት ጣለ። በማግሥቱ የፈረመው ደግሞ የእርሻና የምህንድስና ትምህርት ለሚሰጡ ኮሌጆች የመንግሥት መሬት እንዲሰጥ የሚያዝ ነበር። ከዚህ ሕግ ፍሬዎች አንዱ በኋላ የተመሠረተው የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ነው። ይህ ኮሌጅ በ1950ዎቹ መምህራኑን ወደ ሀገራችን ልኮ የአለማያን የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲን፣ ለማቋቋም ረዳ። በመሆኑም በዋሽንግተን የተጻፈች አንዲት ፊርማ ከዘጠና ዓመታት በኋላ እስከ ሐረርጌ ደጋ ደረሰች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 በዐመፁት ክፍላተ ሀገር የሚገኙ ባሮች ነፃ መሆናቸውን በአዋጅ አስታወቀ። አዋጁ ከመንግሥቱ ጋር በቆዩት ባሪያ አሳዳሪ ግዛቶች ላይ አይሠራም ነበር፤ ባርነትን በመላ ሀገሪቱ የሻረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ሊንከን ማሻሻያው በምክር ቤቱ እንዲያልፍ አጥብቆ ደክሞለታል፤ ዲሴምበር 1865 ሲጸድቅ ግን በሕይወት አልነበረም። ኤፕሪል 9 ቀን ዋነኛው የደቡብ ጦር እጁን በሰጠ በአምስተኛው ቀን ማታ፣ በፎርድ ቴአትር ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ጆን ዊልክስ ቡዝ ከኋላው ተኩሶ ራሱን መታው። በማግሥቱ ኤፕሪል 15 ቀን 1865 ጧት ዐረፈ። ዕድሜው 56 ዓመት ነበር። በዚያው ቀን የሠራዊቱ ሐኪሞች አስከሬኑን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ መረመሩ። ጥይቱ፣ የራስ ቅሉ ስብርባሪዎችና ጥቂት ጠጉር ከዚያ ክፍል ወጥተው ተቀመጡ። የሁለተኛው ክርክር መነሻም እነዚህ ናቸው።

ረጅሙ ሰው

ሊንከን ቁመቱ 193 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ለዘመኑ ሰው ይህ እጅግ የጎላ ነው። ያዩት ሁሉ የሚመሰክሩት አንድ ነገር አለ፤ ሲቀመጥ ከሌላው ሰው ብዙ አይበልጥም ነበር፤ ርዝመቱ የሚታወቀው ሲነሣ ነው። ይህም ማለት ቁመቱ የተገኘው ከእግሮቹ ነበር። እጆቹም ረጃጅም፣ መዳፎቹ ሰፋፊ፣ ፊቱ ቀጭንና ጎድጓዳ ነበር። ቀራፂው ሌናርድ ቮልክ በ1860 ከፊቱና ከእጆቹ ላይ በጄሶ የወሰዳቸው ቅርጾች ዛሬም ስላሉ ይህን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። በ1863 ከተነሣቸው ፎቶግራፎች በአንዱ ደግሞ አንድ እግሩን በሌላው ላይ አድርጎ ተቀምጦ ሳለ ሌላው አካሉ ጥርት ብሎ ሲታይ የተንጠለጠለው እግሩ ጫፍ ደብዝዟል።

በቋንቋችን እንዲህ ያለው ሰው ከተወደደ ሎጋ ወይም መለሎ ይባላል፤ ከተቀለደበት ቀውላላ ይባላል። ሊንከን ሁለቱንም ዓይነት ስም ሲሰማ ኖሯል፤ የተቃዋሚዎቹ ጋዜጦች በመልኩ ያልተሳለቁበት ጊዜ አልነበረም። ሐኪሞች ግን ከመቶ ዓመት በኋላ በዚሁ ቁመና ላይ የሕክምና ስም አወጡለት።

ፊብሪሊን ምንድን ነው?

ፈረንሳዊው የሕፃናት ሐኪም አንቷን ማርፋን በ1896 ጣቶቿና እግሮቿ ከልክ በላይ ቀጭንና ረጅም የሆኑ የአምስት ዓመት ልጅ ሁኔታ ለባልደረቦቹ አቀረበ። በኋላ ከዚህ መልክ ጋር የዓይን ሌንስ ከቦታው መንሸራተትና የልብ ሥር መስፋት አብረው የሚሄዱበት፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ በሽታ በስሙ ተጠራ። ዓይን፣ አጥንትና የደም ሥር በአንድነት የሚታመሙበት ምክንያት ለብዙ ዘመን ምሥጢር ሆኖ ቆየ።

ምሥጢሩ ያለው ከሕዋሳት ውጭ ነው። ሰውነታችን የሕዋሳት ክምር ብቻ አይደለም፤ ሕዋሳት ራሳቸው አመንጭተው በመካከላቸው የሚዘረጉት የፕሮቲን ድርና ማግ አለ። ለጅማት ጥንካሬ፣ ለቆዳና ለደም ሥር መለጠጥ የሚሰጠው ይኸው ነው። በ1986 ተለይቶ የታወቀው ፊብሪሊን ከዚህ ድር ዋና ዋና ክሮች አንዱ ነው። እያንዳንዱ የፊብሪሊን ሞለኪውል በመጀመሪያ ሲሠራ 2871 አሚኖ አሲዶች የተቀጠሉበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ በካልሲየም እየተጠበቀ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ብዙዎቹም ተሰልፈው እጅግ ቀጫጭን ክሮች ይሆናሉ። እነዚህ ክሮች በዓይን ውስጥ ሌንሱን ይወጥራሉ፤ በትልቁ ደም ቅዳ፣ ማለት በአዎርታ ግድግዳ ውስጥ ደግሞ ለተለጣጩ ሽፋን መደገፊያ ይሆናሉ። ከዚህም ሌላ የሕዋሳትን እድገት የሚያዝዘውን ቲ.ጂ.ኤፍ. ቤታ የተባለ ንጥረ ነገር ይዘው በልኩ እንዲለቀቅ ያደርጋሉ። ፊብሪሊን ሲጎድል የመደገፉም የመቆጣጠሩም ሥራ አብሮ ይጓደላል።

መመሪያው የተጻፈበት ጂን በ15ኛው ክሮሞሶም ላይ እንደሚገኝና የማርፋን በሽታ ከእርሱ መበላሸት እንደሚመጣ በ1991 ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ በዚህ አንድ ጂን ላይ ከሦስት ሺህ የሚበልጡ የተለያዩ ለውጦች ተመዝግበዋል። ለውጡ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው፤ ከታማሚዎቹ ሩብ ያህሉ ግን ከወላጅ ሳይወርሱ በራሳቸው የጀመረባቸው ናቸው። በዓለም ላይ ከ5000 ሰው አንዱ ያህል ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል።

የበሽታውን አደገኛነት ለመረዳት መሐንዲስ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ግፊት ያለበት ቧንቧ ግድግዳው የሚሸከመው ውጥረት ከግፊቱና ከራዲየሱ ጋር በቀጥታ፣ ከግድግዳው ውፍረት ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ይመጣጠናል። አዎርታ በየቀኑ 100 ሺህ ጊዜ ያህል የሚመታ ቧንቧ ነው። ድሩ የላላበት ግድግዳ ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ግፊቱ ባይጨምር እንኳ ውጥረቱ ይጨምራል፤ ውጥረቱ ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል። መጨረሻው የግድግዳው መሰንጠቅ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ስሜት ነው።

ከፎቶግራፍ የተሰጠ ፍርድ

የሊንከን ቁመና ከዚህ በሽታ ጋር በጽሑፍ የተያያዘው በ1962 አብርሃም ጎርደን በተባሉ ሐኪም ነው። በ1964 ደግሞ ሃሮልድ ሽዋርትዝ የተባሉ ሌላ ሐኪም ማርፋን ያለበት አንድ ልጅ በትውልድ ቆጠራ ከሊንከን አባት ወገን ጋር በአንድ ቅድመ አያት እንደሚገናኝ ደርሰውበት ጉዳዩን አጠነከሩት። የ1863ቱን ፎቶግራፍ የደበዘዘ እግርም የአዎርታው በር በደንብ ስለማይገጥም የደም ምቱ እግሩን ያናውጠው ነበር ብለው ተረጎሙት። ከዚህም ተነሥቶ ሊንከን ባይገደል ኖሮ ብዙ አይቆይም ነበር እስከ ማለት ተደረሰ።

ተቃዋሚዎቹም ጠንካራ መከራከሪያ ነበራቸው። ሊንከን በጉልበቱ የታወቀ ትግለኛና እንጨት ፈላጭ ነበር። ማርፋን ያለባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ማየት ይቸግራቸዋል፤ እርሱ ግን መነጽር የሚያስፈልገው ለማንበብ ነበር። ያ ሁሉ የጦርነት ጭንቀት ባለበት ዘመን እስከ 56 ዓመቱ ያለ ከባድ የልብ ሕመም ምልክት ኖሯል። ረጅም መሆንም ብቻውን በሽታ አይደለም። ኋላም ከአያቱ ትውልድ በተገኙ ዘመዶች ላይ ሚዛን የሚያሳጣ ሌላ የዘር በሽታ ያለበት ጂን በ2006 ተለየ፤ በ2007ም አንድ የልብ ሐኪም የሊንከን ቁመና በሌላ በሦስተኛ ጂን የሚመጣ ነው የሚል አሳብ አቀረቡ። በአንድ ሰው አጥንት ላይ ሦስት ፍርድ ተሰጠ ማለት ነው፤ አጥንቱ ግን አንድም ጊዜ አልተመረመረም።

እኔ የምኖረው በገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ልስኑና ቀለሙ ካለቀ ሕንፃ ፊት ቆሞ በዓምዱ ውስጥ ስንት ፌሮ እንዳለ፣ ስታፋው በስንት ሳንቲ ሜትር እንደ ታሰረ ከውጭ አይቶ የሚናገር መሐንዲስ ቢገኝ ማናችንም አናምነውም። ሥዕላዊ ፕላኑን አምጣ፣ ወይም መሣሪያ አምጥተህ ለካ እንለዋለን። አርማታው ውስጥ ያለውን ለማወቅ ናሙና ቦርቡሮ ማውጣት ግድ ከሆነም፣ የሚወጣው ናሙና ዓምዱን የሚጎዳ መሆኑን፣ የምናገኘው መልስም ለጉዳቱ የሚበቃ መሆኑን አስቀድመን እንጠይቃለን። ለሊንከን አጥንት የቀረበው ጥያቄ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በ1991 ሙዚየሙ የጠራው ጉባኤ፣ በታዋቂው የዘር ሕክምና ሊቅ በቪክተር ማኩሲክ ሰብሳቢነት፣ ጉዳዩን መረመረ። ከምርመራው ደጋፊዎች መካከል በሽታው ላለባቸው ሰዎች የሊንከን ስም ክብርና ተስፋ ይሆናል የሚሉ ነበሩ። ጉባኤው በመርሕ ደረጃ ተቃውሞ አላቀረበም። በ1992 ግን ስለ ጂኑ ያለው እውቀት ገና ጥቂት ስለ ሆነ ምርመራው ይቆይ የሚል ምክር ሰጠ። ምክሩ የፍርሃት ሳይሆን የሒሳብ ነበር። ናሙናው ጥቂት ነው፤ ሲመረመርም ከፊሉ ይጠፋል፤ በዚያ ረጅም ጂን ላይ አንድ ለውጥ ቢገኝ እንኳ በሽታ የሚያመጣ ይሁን አይሁን ያን ጊዜ በእርግጥ መለየት አይቻልም ነበር። እስከ ዛሬ ድረስም በሊንከን አጥንት ላይ የተረጋገጠ የጂን ውጤት አልወጣም። እንዲያውም በሽታው በስሙ የተጠራለት የማርፋን የመጀመሪያ ታማሚ ራሷ፣ ቀርባ የታየችው ልጅ፣ ምናልባት ሌላ ተቀራራቢ በሽታ ነበረባት የሚሉ ሊቃውንት ከጊዜ በኋላ ተነሥተዋል። በሕይወት ሳለች በሐኪም እጅ የተዳሰሰችው ልጅ እንዲህ ካከራከረች፣ በፎቶግራፍ ብቻ የሚታወቀው ሰው ይበልጥ ቢያከራክር አያስደንቅም።

የፈቃድም ጥያቄ ነበር። የሊንከን ቀጥተኛ ዘር የመጨረሻው ሰው በ1985 ስላለፈ፣ ስለ አጥንቱ እሺ ወይም እምቢ የሚል የቤተሰብ አፍ የለም። ይህ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የሊንከን የዘመን ጓድ የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1868፣ በእኛ አቆጣጠር በ1860፣ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የተቆረጠው ጠጉራቸው በለንደን የሠራዊት ሙዚየም ለብዙ ዘመን ተቀምጦ በ2019 ወደ ሀገሩ ተመልሷል። የልዑል ዓለማየሁ ዐጽም ግን እስከ ዛሬ ዊንድዘር ነው። ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ የሰው አካል ዕቃ እንዳልሆነ፣ ለማጥናት ከመቸኮል በፊትም የማን እንደ ሆነ መጠየቅ እንደሚገባ ኢትዮጵያውያን በራሳችን ሐዘን ተምረነዋል።

ለሕያዋን የሚተርፈው

የሊንከን አጥንት ሳይከፈት ቢቀርም ስለ ፊብሪሊን የተገኘው እውቀት ለሕያዋን የሚጠቅም ነው። በ1972 በተደረገ ጥናት የማርፋን በሽታ ያለባቸው ሰዎች በአማካይ በ32 ዓመታቸው ይሞቱ ነበር። ዛሬ ግን ቀድመው ከታወቁ ዕድሜያቸው ከሌላው ሰው ዕድሜ ጋር ተቀራርቧል። ሕክምናው የሚከተለው ቀደም ሲል የገለጽነውን የቧንቧ ሕግ ነው። የደም ግፊቱንና የልብን አመታት በመድኃኒት በመቀነስ ጭነቱ ይቀልላል፤ የአዎርታው ስፋት በየጊዜው በአልትራሳውንድ ይለካል፤ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ሲቃረብ ከመሰንጠቁ በፊት በቀዶ ሕክምና በሰው ሠራሽ ቱቦ ይተካል። ልኬቱ በጊዜው ካልተደረገ ምን እንደሚከተል የአሜሪካዋ የመረብ ኳስ ኮከብ ፍሎ ሃይማን ሞት ያስተምራል። በቁመቷ የተደነቀች ይህች ስፖርተኛ በ1986 ጃፓን ውስጥ በጨዋታ መካከል ወድቃ ሞተች፤ ዕድሜዋ 31 ነበር። ማርፋን እንደነበረባት የታወቀው አስከሬኗ ሲመረመር ነው።

በሠፈራችንም ሆነ በሥራ ቦታችን ሎጋ ወጣት ሲታይ ቅርጫት ኳስ ወይም መረብ ኳስ ተጫወት ይባላል እንጂ ልብህን ተመርመር የሚለው የለም። ረጅም ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ ማስፈራራትም ነውር ነው። ነገር ግን ከቁመቱ ጋር ጣቶቹ ከልክ በላይ የረዘሙ፣ ደረቱ የገባ ወይም የወጣ፣ አከርካሪው የጎበጠ፣ ዓይኑ በልጅነቱ የደከመ፣ ይልቁንም በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ዘመድ ያለው ሰው ሲገኝ፣ ከስፖርቱ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ልቡን በአልትራሳውንድ እንዲታይ መምከር ይገባል። በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይህ ምርመራ ይደረጋል፤ ሕመምም የለውም። አጥንት መቁጠር ዛሬም ጥቅም ካለው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የአያት የቅድመ አያትን አሟሟት ጠይቆ ማወቅ የልጅ ልጅን ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ስለ ሊንከን ግን ከአጥንቱ የምንጠብቀው የሚያስቸኩል መልስ የለም። ጂኑ የተበላሸ ሆኖ ቢገኝ አዋጁ አይሻርም፤ ደኅና ሆኖ ቢገኝም በእርሱ ላይ የሚጨመር ነገር የለም። ሰውየው የለካው መሬት፣ የተከራከረለት ድልድይ፣ የፈረማቸው ሕጎችና ነፃ የወጡት ሰዎች ልጆች ሁሉም በገሃድ ያሉ ናቸው፤ እነርሱን ለመመርመር የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። በአባላት ዘንድ ይህን ታሪክ ያስታወስነውም አንድም የቀያሹን ትጋት ለማሰብ፣ ሁለተኛም ያልተለካውን እንደ ተለካ አድርጎ ያለመናገር የሙያችን ግዴታ በሰው አጥንት ላይም የሚጸና መሆኑን ለማመልከት ነው።